ሩቅ ደሴት ያቀና ቤተ ሰብ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጋብቻ ማተም የተለመደ ነው። ዛሬ ስለ አንዲት የባሕር ደሴት መጻፋችን ስፍራውን የሳተ መስሎ ለሚታየው አንባቢ፥ አስቀድመን ምክንያታችንን እንነግራለን። የሩቅ አገርን ታሪክ የጻፉ የኤውሮጳ ሊቃውንት፥ ደሴቶቹን ያገኙትን የመርከብ አለቆች ስምና ባንዲራ የተተከለባቸውን ቀኖች በጥንቃቄ መዝግበዋል። ነገር ግን ባንዲራው ከተተከለ በኋላ በዚያ ምድር ላይ እሳት ያነደደችው ሴት ማን እንደ ነበረች፥ ልጆችዋንም በምን እንዳሳደገች የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የምንተርካት ደሴት ግን፥ የአቀናንዋ ታሪክ ከአንድ ባልና ሚስት ቤት የተነሣ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ከቤተ ሰብ ገጽ የተሻለ ስፍራ አላገኘንላትም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ደሴቲቱ ትሪስታን ዳ ኩኛ ትባላለች። የምትገኘውም በአትላንቲክ ውቅያኖስ ደቡብ ክፍል፥ በአፍሪካና በደቡብ አሜሪካ መካከል ነው። ሰው ከሚኖርበት ምድር ሁሉ ለእርስዋ የምትቀርበው የቅድስት ሄሌና ደሴት ስትሆን፥ እርስዋም 2400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ፥ ወደ ኬፕ ታውን የሚሄድ መርከብ ደግሞ 2800 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስፋትዋ 100 ኪሎ ሜትር ካሬ አይሞላም።

አንባቢ መልክዋን በዐይነ ኅሊናው ለማየት ቢወድ፥ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ የቆመውን የፉሪን ተራራ ይመልከት። ፉሪ፥ ወጨጫና የረር በጥንት ዘመን እሳት የተፉ፥ ዛሬ ግን የበረዱ ተራሮች መሆናቸውን የምድርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ያስረዳሉ። የፉሪ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር ይበልጣል፤ ነገር ግን በፉሪ ግርጌ ያለነው ሰዎች ራሳችን ከ2000 ሜትር በላይ ቆመን ስለምናየው፥ ተራራው መካከለኛ ኮረብታ መስሎ ይታየናል። የትሪስታን ተራራ ግን 2060 ሜትር ያህሉን ሁሉ ከውሃው ላይ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ራሱ በደመና የተሸፈነ፥ ጐኑ ገደል፥ እግሩም ማዕበል ነው። ሰው ቤት ሊሠራበትና ሊያርስበት የሚችለው ሜዳ በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለው ጠባብ ቁራጭ መሬት ብቻ ነው። እሳቱም እንደ ፉሪ እሳት ያልበረደ መሆኑን ኋላ እንተርካለን።

ደሴቲቱን አይቶ ስሙን የሰጣት ትሪስታን ዳ ኩኛ የተባለው የፖርቱጋል ሹም ነው። ይህ ሰው በንጉሡ በማኑኤል ዘንድ የተከበረ ስለ ነበረ፥ የሕንድ እንደራሴ እንዲሆን ከተመረጠ በኋላ ዐይኑ ታወረና ሹመቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቈይቶ ግን የዐይኑ ብርሃን ተመለሰለትና በ1506 ዓ.ም. የብዙ መርከቦች አለቃ ሆኖ ከሊዝቦን ተነሣ፤ አፎንሶ ደ አልቡከርክም አብሮት ነበረ። ወደ ደቡብ እጅግ ወርዶ ሲጓዝ፥ ከባሕሩ መካከል የቆሙ ተራሮች አየ። ታውሮ የነበረው ዐይን እንዲህ ያለውን ነገር ማየቱ ለእኛ የሚያስደንቅ ነው። ማዕበሉ ስለ ከለከለው ግን ወደ ምድር አልወረደም፤ ስሙን ብቻ ሰጥቶ አለፈ።

ለኢትዮጵያውያን የዚህ ሰው ጕዞ በሌላም ነገር ሊታወስ ይገባል። የፖርቱጋል ነገሥታት በምሥራቅ አለ እየተባለ ይወራ የነበረውን የክርስቲያን ንጉሥ፥ እነርሱ ቄሱ ዮሐንስ የሚሉትን፥ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ ዳ ኩኛ በ1507 ዓ.ም. ማሊንዲ ሳለ፥ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱ መልእክተኞችን በየብስ ለመስደድ ሞከረ። ከማሊንዲ ወደ ውስጥ የሚወስድ መንገድ ስላልተገኘላቸው፥ አልቡከርክ በ1508 ዓ.ም. በጓርዳፉይ አጠገብ አወረዳቸው፤ ከመካከላቸውም እስላም የሆነ ሰው ነበረ። ከዚያ በእግራቸው ተጉዘው ከኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ደረሱ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ስለ ነበሩ፥ መንግሥቱን ይጠብቁ የነበሩት ብልኋ እቴጌ ዕሌኒ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ፖርቱጋል ላኩ። ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ፥ በመንገድም ሐሰተኛ ነው ተብሎ ብዙ ተንገላትቶ፥ በ1514 ዓ.ም. ከሊዝቦን ገባ። በዚያው ዓመት ትሪስታን ዳ ኩኛ የንጉሡ መልእክተኛ ሆኖ ለሮማው ጳጳስ ለዐሥረኛው ልዮን ዝሆን ይዞ ሮማ ገብቶ ነበርና፥ የኤውሮጳ ሰው ሁሉ ከኢትዮጵያው መልእክተኛ ይልቅ ስለ ዝሆኑ ያወራ ነበር ብንል ብዙ የተሳሳትን አይመስለንም። ሮድሪጎ ደ ሊማና ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በ1520 ዓ.ም. ምጽዋ የወረዱት ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። ማቴዎስም አብሯቸው ተመልሶ ነበር፤ ነገር ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሳይደርስ በዚያው ዓመት በመንገድ ሞተ።

እንግዲህ ዳ ኩኛ በዚህ በአንዱ ጕዞው ሁለት ደሴቶች ገጠሙት። ሁለተኛይቱ በጓርዳፉይ ፊት ለፊት ያለችው ሶቆጥራ ናት። እርስዋ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረችም፤ በዚህ በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በደሴቲቱ ውስጥ ሆቅ በሚባለው ዋሻ የሕንድ ነጋዴዎች ከጻፏቸው ብዙ ጽሑፎች ጋር በአክሱም ፊደል የተጻፉ ጥቂት ጽሑፎች ተገኝተዋል። ዳ ኩኛ በ1507 ዓ.ም. ሱቅ በሚባለው ስፍራ የነበረውን ምሽግ ወግቶ ያዘ፤ መስጊዱን ቤተ ክርስቲያን አደረገ፤ ጭፍራም አኖረበት። የደሴቲቱ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ክርስቲያኖች ስለ ነበሩ በደስታ ይቀበሉናል የሚል ተስፋ ነበረው። ነገር ግን ወደቡ ለመርከብ የማይመች፥ ስንቁም የማይበቃ ሆነ፤ ወታደሮቹ በረኃብና በበሽታ አለቁ። በ1511 ዓ.ም. ምሽጉን አፍርሰው ሄዱ። በሰይፍ የተያዘችው ሶቆጥራ በፖርቱጋሎች እጅ የቈየችው አራት ዓመት ብቻ ነው።

ሰው የሌለባት ትሪስታን ግን ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ሳይረግጣት ቈየች። በ1643 ዓ.ም. የሆላንድ መርከበኞች ውሃ ለመቅዳት ወረዱባት። ከዚያ በኋላ የመጡት፥ በኦሪት ዘፀአት ቍርበቱ ለድንኳኑ መሸፈኛ የተነገረለትን አቆስጣ የሚባለውን የባሕር አውሬ የሚያድኑ ሰዎች ናቸው። በ1790 ዓ.ም. የመጣው አሜሪካዊው የመርከብ አለቃ ጆን ፓተን፥ ሰባት ወር ያህል ተቀምጦ 5600 ቍርበት ይዞ እንደ ሄደ ተጽፏል። እንዲህ ያሉት ሰዎች ይወስዳሉ እንጂ አይተክሉም።

ለመቀመጥ ብሎ የመጣው የመጀመሪያ ሰው ጆናታን ላምበርት የሚባል የሴለም ከተማ አሜሪካዊ ነው። በ1810 ዓ.ም. መጨረሻ ከሁለት ባልንጀሮች ጋር ወረደ፤ በሚከተለው ዓመትም ደሴቲቱና በአጠገብዋ ያሉት ትንንሽ ደሴቶች ሁሉ የእኔ ብቻ ናቸው የሚል ዐዋጅ ጻፈ። ስማቸውንም ለውጦ የማረፊያ ደሴቶች አላቸው፤ ዐዋጁም በቦስተን ጋዜጣ ታተመ። የሚታዘዝለት ሕዝብ ግን ከሁለቱ ባልንጀሮቹ በቀር አልነበረውም። በ1812 ዓ.ም. ላምበርት በባሕር ሰጥሞ ሞተ፤ ቶማሶ ኮሪ የተባለው የሊቮርኖ ኢጣሊያዊ ብቻ ተረፈ። ይህ ሰው ኋላ እንግሊዞች ሲመጡ የተቀበረ ወርቅ አለኝ እያለ፥ ወታደሮቹ በሚያጠጡት መጠጥ ሲሰክር ኖሮ፥ ስፍራውን ሳይናገር ሞተ ይባላል። እስከ ዛሬም ወርቁን ያገኘ የለም፤ እኛም መኖሩን አናምንም።

በአገራችን በቀድሞው ሥርዐት ጕልትና ርስት የተለያዩ ነገሮች እንደ ነበሩ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ጕልት በንጉሥ ቃልና በደብዳቤ የሚሰጥ፥ በንጉሥ ቃልም የሚነሣ ነበር፤ ርስት ግን ምድሩን አስቀድሞ ያቀናው አባት ልጆች በአባትም በእናትም ወገን ዘራቸውን እየቈጠሩ የሚካፈሉት ነበር። ላምበርት ንጉሥም ባለ ጕልትም ራሱ ሆኖ፥ ለራሱ ደብዳቤ ጻፈ። ልጅ ግን አልነበረውምና ከእርሱ በኋላ ለደሴቲቱ የሚሟገትለት አልተገኘም።

በ1815 ዓ.ም. እንግሊዞች ናፖሊዎንን በቅድስት ሄሌና አሰሩት። ፈረንሳዮች ከትሪስታን ተነሥተው ንጉሣቸውን እንዳያስመልጡ በመፍራት፥ በነሐሴ 1816 ዓ.ም. ከኬፕ ጭፍራ ልከው ባንዲራ ተከሉ። በእስረኛውና በጠባቂዎቹ መካከል 2400 ኪሎ ሜትር ባሕር መኖሩን ለሚያስብ ሰው፥ የፍርሃታቸው ብዛት ያስቃል። ጭፍራው ቤት ሠራ፥ መንገድ ጠረገ፥ ከብት አወረደ። በሚከተለው ዓመት ጥቅምት ላይ ጁልያ የተባለችው የጦር መርከብ በደሴቲቱ ዳር ተሰብራ ከ50 በላይ ሰዎች ሰጠሙ። በኅዳር ወር 1817 ዓ.ም. ጭፍራው እንዲመለስ ታዘዘ።

ዊልያም ግላስ የሚባል የመድፈኛ ዐሥር አለቃ ከዚህ ጭፍራ ውስጥ ነበረ። የተወለደው በስኮትላንድ፥ ኬልሶ በምትባል ከተማ ነው። ሚስቱ ማሪያ ማግዳሌና ሌንደርስ የኬፕ አገር ልጅ ስትሆን ገና ወጣት ነበረች፤ ሁለት ትንንሽ ልጆችም ነበሯቸው። መርከቡ ወታደሮቹን ሊወስድ በመጣ ጊዜ ግላስ በዚሁ እንቀር ዘንድ ይፈቀድልን ብሎ ለመነ፤ ተፈቀደለትም። ሳሙኤል በርኔልና ጆን ናንኪቬል የተባሉ ሁለት ግንበኞችም አብረውት ቀሩ። ማሪያ በዚያን ቀን ምን እንዳለች የጻፈ የለም። እኛ ግን፥ ጭፍራው ሁሉ ተሳፍሮ ሸራው ከዐይን ሲሰወር፥ በዚያ ጠባብ ሜዳ ላይ ከሁለት ሕፃናትና ከሦስት ወንዶች ጋር ለመቅረት የተስማማችው ይህች ወጣት ሴት፥ ከዳ ኩኛም ከአልቡከርክም ያነሰ ልብ አልነበራትም እንላለን። እነዚያ መርከብ ነበራቸው፤ እርስዋ ምጥ በመጣ ጊዜ የምትጠራት አዋላጅ ሴት አልነበረቻትም። ኋላም የባልና የሚስቱ ልጆች 16 ሆኑ።

የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስም ይህን ነገር ለእኛ ቅርብ ያደርግልናል። ራስ ብሩ ሰፈር፥ ደጃች ውቤ ሰፈር እያልን የምንጠራቸው ስፍራዎች ከየመኳንንቱ ስም ጋር የተያያዙት፥ መኳንንቱ ጭፍራቸውን ይዘው የሰፈሩባቸው ስለ ሆኑ ነው። ሴቶቹ ምድጃ ባይጐልቱባቸውና ልጆች ባይወለዱባቸው ኖሮ ግን ድንኳኑ ሲነቀል ስሙም አብሮ በተነቀለ ነበር።

ሦስቱ ወንዶች በኅዳር 1817 ዓ.ም. የተፈራረሙት የውል ወረቀት እስከ ዛሬ በሎንዶን ተጠብቆ ይገኛል። ቃሉ አጭር ነው። ከብቱና ዕቃው የሁሉም እኩል ይሁን፤ ከመርከቦች ጋር በሚደረገው ንግድ የሚገኘውም ትርፍ እኩል ይከፈል፤ ወጪውንም እኩል ይቻሉ፤ በመካከላቸውም ስምምነት እንዲጸና ማንም ማን በሌላው ላይ አለቃ አይሁን ይላል። እኛ በዳኝነት ቤት በጽሕፈት ሥራ የምንውል ሰዎች ብዙ ውል አይተናል፤ ብዙ ውል ሲፈርስም አይተናል። ውል ሲፈርስ ዳኛ አለ፥ ዋስ አለ፥ ይግባኝ አለ። እነዚህ ሰዎች ግን የተካካዱ እንደ ሆነ፥ ከሳሽ ዳኛ ለማግኘት ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር መሻገር ነበረበት። ስለዚህ ውሉን ያጸናው የፈራሚዎቹ ፈቃድ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን፥ ቃሉ እንደ ተጻፈ ሁሉ አልቈየም፤ ሁለቱ ግንበኞች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሄዱ፤ ሌሎች መርከበኞች እየመጡ ሲጨመሩም ግላስ እንደ አለቃ ይታይ ጀመር፤ የሚያልፉትም መርከበኞች ገዢ እያሉ ይጠሩት ነበር። እኩልነት በሦስት ሰዎች መካከል እንደሚጸና በሠላሳ መካከል አይጸናም።

በ1824 ዓ.ም. ኦገስተስ ኧርል የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ሥዕል ለመሣል ወርዶ ሳለ፥ መርከቡ በማዕበል ምክንያት ጥሎት ሄደ። ስምንት ወር ያህል ከግላስ ቤተ ሰብ ጋር ኖረ። ልጆቹንም ፊደል አስተማራቸው፤ በየእሑዱም ጸሎት ያነብላቸው ነበር። ደሴቲቱንና ሰዎችዋን የሣላቸው ሥዕሎች ዛሬ ትልቅ ዋጋ ያላቸው ናቸው። መምህር ፍለጋ ወደ ሩቅ ገዳም ሄደው ለተማሩት አንባቢዎቻችን፥ መምህሩ በማዕበል ተገፍቶ ወደ ተማሪው ቤት ሲመጣ መስማት የሚያስደስት ይመስለናል።

በዚያን ጊዜ በደሴቲቱ ሚስት የሌላቸው አምስት ወንዶች ነበሩ። በ1827 ዓ.ም. ዓሣ ነባሪ የሚያድን የአንድ መርከብ አለቃ፥ አም የሚባል ሰው፥ ወደ ቅድስት ሄሌና ሲሄድ አግብተን የምንኖር ሴቶች ፈልገህ አምጣልን ብለው ለመኑት። ሰውየውም አምስት ሴቶች ይዞ መጣ። ሴቶቹ የአፍሪካና የኤውሮጳ ደም የተቀላቀለባቸው ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዲቱ ልጆች የነበሯት ናት። ከወንዶቹ አንዱ ቶማስ ስዌን፥ አስቀድማ እግርዋን ከምድር ያሳረፈችውን አገባለሁ ብሎ ተናገረና እንደ ቃሉ አደረገ እየተባለ ይነገራል። ኤውሮጳውያን ይህን ታሪክ ሲጽፉ እንደ ቀልድ ያደርጉታል። በአገራችን ግን ሙሽራው ሙሽራይቱን ሳያያት በሽማግሌ ቃል ብቻ ሲጋባ የኖረ ስለ ሆነ፥ የመርከብ አለቃ ሽማግሌ ሆኖ መላኩ ብዙ አያስደንቀንም። ባርነት ገና ካልጠፋበት አገር ተነሥቶ የራስን ቤት ለመያዝ ባሕር መሻገር፥ ለእነዚያ ሴቶች ቀልድ አልነበረም።

እንዲህ ሆኖ ዛሬ በደሴቲቱ ያለው ሕዝብ የአብዛኛው ዘሩ ከ15 ሰዎች ያህል፥ ከስምንት ወንዶችና ከሰባት ሴቶች እንደ ተነሣ ሐኪሞች ቈጥረው ደርሰውበታል። ከዚህ ላይ ለባልና ሚስት የሚጠቅም አንድ ነገር እናስገባ። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቈጥራሉ። በትሪስታን ሁለትና ሦስት ቤት እንኳ የራቀ ማግኘት ጭንቅ ነበር። ሐኪሞች በ1961 እና በ1962 ዓ.ም. የደሴቲቱን ሰዎች ሲመረምሩ፥ አስም የሚባለው የመተንፈስ ሕመም ከመጠን በላይ የበዛባቸው ሆነው አገኙአቸው፤ ይህም ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ጥቂቶቹ ይዘውት የመጡት በዘር የሚወረስ ሕመም መሆኑን አስረዱ። አያቶቻችን ያለ መሣሪያ ቈጥረው የከለከሉት ነገር ከንቱ አልነበረም።

ግላስ በ1853 ዓ.ም. ሞተ። ሦስት ዓመት ቈይቶ መበለቲቱ ማሪያ ብዙዎቹን ልጆችዋንና የልጅ ልጆችዋን ይዛ ወደ አሜሪካ ሄደች፤ በዚያው ጊዜ ሌሎች ቤተ ሰቦች ወደ ኬፕ ስለ ተሻገሩ ደሴቲቱ ልትራቈት ቀረበች። የቀሩት ግን ድንቻቸውን እየተከሉ፥ ዓሣ እያጠመዱ፥ የሚያልፉትን መርከቦች እየጠበቁ ኖሩ። በ1882 ዓ.ም. ከአንድ ከተሰበረ መርከብ አይጦች ወርደው እህሉን ማጥፋት ጀመሩ። በኅዳር 1885 ዓ.ም. ደግሞ አንድ መርከብ በሩቅ ታየ። እህል በድንችና በበግ ለመለወጥ 15 ወንዶች በአንዲት ጀልባ ቀዝፈው ወጡ። አንድም አልተመለሰም። በአንድ ቀን የመንደሩ ሴቶች አብዛኞቹ መበለት ሆኑ፤ ሥራውም ሁሉ በእነርሱና በልጆች እጅ ወደቀ። ቄሱ ኤድዊን ዶጅሰን፥ በኤውሮጳ ልጆች ሁሉ ዘንድ የታወቀውን የአሊስን ተረት የጻፈው ሰው ወንድም፥ ቀድሞ ከእነርሱ ጋር የነበረ ነውና መከራቸውን ሰምቶ ተመልሶ መጣ። ከዚህ ውጡ የሚል ምክር ከብዙ ወገን ይመጣላቸው ነበር፤ የወጡም አሉ። በ1892 ዓ.ም. ግን ኢታሊያ የተባለ መርከብ ተሰብሮ ከካሞሊ የመጡ ሁለት መርከበኞች፥ ሬፔቶና ላቫሬሎ፥ እዚያው ቀርተው አገቡ። ሌላው ለመውጣት ሲመክር እነዚህ ለመግባት መምረጣቸው፥ ሴቶቹ ቤታቸውን እንዴት አድርገው ይዘውት እንደ ነበር ያሳያል።

ስለ ኑሮአቸው ጥቂት እንጨምር። ቤታቸው ከድንጋይ የተሠራ፥ ክዳኑ ሣር ነበረ። ገንዘብ ለብዙ ዘመን በመካከላቸው አልነበረም፤ በ1946 ዓ.ም. ቴምብር እንዲታተምላቸው ሲለምኑ ባቀረቡት ሥዕል ላይ ዋጋው አንድ ፔኒ ወይም አራት ድንች ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሴቶቹ ሱፍ ፈትለው ካልሲ ይሠራሉ። ቀድሞ ልጃገረድ ለወደደችው ጐልማሳ ካልሲ ስትሠራለት በጫፉ ላይ ባለ ቀለም መስመር ታደርግበት ነበር፤ መስመሩ በበዛ መጠን ፍቅርዋም መብዛቱን ያስታውቃል። ደብዳቤ ጽፎ ከመያዝ ይህ የተሻለ ጨዋነት መስሎ ይታየናል፤ ቢያንስ እግር ያሞቃል።

በነሐሴ 1961 ዓ.ም. ምድሪቱ መናወጥ ጀመረች። በጥቅምት ወር ከመንደሩ አጠገብ መሬቱ ተሰነጠቀ፤ ከዚያም የቀለጠ ድንጋይ ወጣ። ጥቅምት 10 ቀን 264 ሰዎች ሁሉ በጀልባ ወደ ጎረቤት ደሴት ተሻገሩ፤ በሆላንድ መርከብ ወደ ኬፕ ታውን፥ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። እንግሊዞች በመልካም ተቀበሏቸው። ለጊዜውም በቀድሞ የጦር ሰፈር ቤት ሰጧቸው፤ ሥራ አገኙ፤ መብራትና ቴሌቪዥን አዩ። ነገር ግን የማያውቁት ብርድና ጉንፋን አጠቃቸው፤ ከሽማግሌዎቻቸውም የሞቱ ነበሩ። በ1937 ዓ.ም. ወደ አሲናራ ደሴት የተጋዙት የአገራችን መኳንንትና ወይዛዝርት በግዞት ነበሩና ከእነዚህ ጋር አይመሳሰሉም፤ ሆኖም በባዕድ ምድር ተቀምጦ የራስን ቤት ጭስ መናፈቅ ምን እንደ ሆነ በአገራችን ብዙ ቤተ ሰብ ያውቀዋል።

የእንግሊዝ መንግሥት እነዚህ ሰዎች ከእንግዲህ ወዲህ ወደዚያ ዐለት አይመለሱም ብሎ አስቦ ነበር። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ግን ድምፅ ሲሰጡ 148 እንመለስ አሉ፤ እንቀር ያሉት አምስት ብቻ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰው ተደነቀ፤ ጋዜጦችም ይህ እንዴት ይሆናል እያሉ ጻፉ። አስቀድመው ወደ ደሴቲቱ የተመለሱት 12 ሰዎች ግን ሥራ ጀምረው ነበር። የቀለጠው ድንጋይ የባሕር ሸርጣን የሚመስለውን ሎብስተርን ማሸጊያ ፋብሪካና ጀልባ የሚወጣበትን ዳር ሸፍኖታል፤ ቤቶቹ ግን ከጥቂት በቀር ቆመው ተገኙ። ሰው በሌለበት ጊዜ በዱር የቀሩት ውሾች በጎቹን ጨርሰዋቸዋል። ሰዎቹ ክዳኑን አደሱ፥ ጀልባዎቹን ጠገኑ፥ መሬቱን ለድንች አዘጋጁ። ሴቶቹና ልጆቹ በ1963 ዓ.ም. በሁለት ጊዜ ተከፍለው ገቡ።

ዛሬም ወደዚያ የሚሄድ አውሮፕላን የለም፤ ከኬፕ ታውን በመርከብ አንድ ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ባሕሩ ካልፈቀደም ተሳፋሪው ደሴቲቱን እያየ ሳይወርድ ይመለሳል። የሕዝቡ ቍጥር 250 አይሞላም። በመንደሩ ያለው ትምህርት ቤት በቅድስት ማርያም ስም ይጠራል። ከደሴቲቱ ጥቂት የቤተ ሰብ ስሞች መካከል የዐሥር አለቃው ስም፥ የእነዚያም የሁለቱ የካሞሊ መርከበኞች ስም፥ አስቀድማ የወረደችውን ያገባው የስዌንም ስም እስከ ዛሬ አሉ።